ከቡሃቃ እስከ ዘረመል፦ የደጎሎ እርሾ ታሪክ

ጤፍ ከገበያ ይሸመታል፤ እርሾ ግን ሲያልቅ ከጎረቤት ይለመናል። በደቡብ ወሎ፣ በጃማ ጥቁር አፈር ላይ በምትገኘው በደጎሎም ሆነ በመካነ ሰላም፣ ዛሬ የሚቦካው ሊጥ የሚነሣው ካለፈው ቡሆ ላይ ተቀድቶ ከቆየው ቢጫ ውኃ ነው፤ ያም ከሱ በፊት ከነበረው። ጠላ በክርስቲያኑ ቤት ሲጠመቅ ቀሪቦ በሙስሊሙም ቤት ይዘጋጃል፤ እርሾ ግን ከሁለቱም ቤት አይጠፋም። ሲንቴቲክ ባዮሎጂን፣ ማለትም የሕያው ሴልን ዘረመል ለታሰበ ሥራ ነድፎ የመጻፍን ሙያ፣ ለዚህ ደጋ ተማሪዎች ለማስተዋወቅ የሚነሣ ሁሉ በዚህ ታሪክ በኩል መግባት አለበት እላለሁ። ምክንያቴ ነገሩን ማቅለል አይደለም፤ ታሪኩ ራሱ ማስረጃ ስለሆነ ነው።

ማስረጃው ረጅም ዕድሜ አለው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ጤፍን ሲገልጽ ሊጡ እስኪኮመጥጥ እንደሚቆይና ከእንጀራውም መጠጥ እንደሚሠራ ጽፏል። ሉዊ ፓስተር የላክቲክ አሲድ መብላላት የሕያዋን ሥራ መሆኑን ያመለከተው እ.ኤ.አ. በ1857፣ ማለትም ከዚያ በኋላ ነው። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ብርሃኑ አበጋዝ ጋሼ የጤፍ ሊጥ ውስጥ ያሉትን ላክቲክ አሲድ አምራች ባክቴሪያዎች ያጠኑበት ጽሑፍ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1985 ሲሆን፣ ከሳሙኤል ሣህሌ ጋር የጠላን ተህዋስያን ያጠኑበት ደግሞ በ1991 ታተመ። ሳይንቲስቶቹ ስም ከማውጣታቸው በፊት ግን እንጀራ ጋጋሪና ጠላ ጠማቂ ሴቶች ሥርዓቱን ጨርሰውት ነበር። ጋኑ በግራዋ ይታጠባል፣ በወይራ ይታጠናል፤ የማይፈለገው ተህዋስ ይቀንሳል። ከቦካው ሊጥ ጥቂቱ በፈላ ውኃ በስሎ አብሲት ሆኖ ይመለሳል፤ የበሰለው ስታርች ሊጡን አወፍሮ የሚወጣውን አየር ስለሚይዝ እንጀራው ዓይን ያወጣል። በዚህ ሁሉ ውስጥ መምረጥ አለ፣ አካባቢን መቆጣጠር አለ፣ ለተተኪ ማስረከብም አለ። ይህ ሙያ «የቤት ሥራ» ተብሎ ከዕውቀት ተራ መውጣቱ የሚያስቆጭ ነው።

እርሾን መጠበቅ ዘረመልን ከመጻፍ ጋር አንድ አይደለም የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ልክ ነው፤ ትምህርቱም ያለው እዚያው ልዩነቱ ላይ ነው። ጠማቂዋ ተህዋሱ የሚሠራበትን ሁኔታ ታመቻቻለች እንጂ በውስጡ ያለውን ትእዛዝ አትለውጥም። በጠላ ጥንስስ ውስጥ የሚገኘው ሳካሮማይሲስ ሰርቪሲዬ የተባለው እርሾ ሙሉ ዘረመሉ እ.ኤ.አ. በ1996 ተነበበ። በ2006 በካሊፎርኒያ የጄይ ኪስሊንግ ቡድን ከአንድ ተክል የተወሰዱ ጂኖችን በዚሁ እርሾ ውስጥ አስገብቶ የወባ መድኃኒት መነሻ የሆነውን አርቴሚሲኒክ አሲድ እንዲያመርት አደረገው። ከመካነ ሰላም ወደ ዓባይ ቆላ ወርዶ ለሚያርስ ቤተሰብ ልጅ ወባ ሩቅ ወሬ አይደለችም። ግን ታሪኩ ሳይቆረጥ ይነገር፤ የመድኃኒት ኩባንያው ሳኖፊ በ2013 በብዛት ማምረት ቢጀምርም መድኃኒቱ የሚወጣበት የዚያው ተክል ዋጋ በመውረዱ የፋብሪካው ምርት ገበያ አጣ፤ ተክሉን አምርተው የሚኖሩ ገበሬዎችም ገበያችንን ይነጥቀናል የሚለው ስጋታቸው ተገቢ ነበር። ተማሪው ድሉን ብቻ ሰምቶ ከወጣ የሰማው ማስታወቂያ ነው።

ሌላው ተቃውሞ የበለጠ ከባድ ነው፤ ይህ ሳይንስ የባዕድ ኩባንያዎች መሣሪያ ሆኖ ዘራችንን ይነጥቀናል ይላል። ፍርሃቱ ከባዶ አልመጣም። አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ ያገኘውን የባለቤትነት መብት የሄግ ፍርድ ቤት ውድቅ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ2018 ብቻ ነው። ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔር በካርታኼና የደኅንነተ ሕይወት ፕሮቶኮል ድርድር ላይ የታገሉለትም ከዚህ ስጋት ጋር የተያያዘ ጉዳይ ነው፤ የአገራችን የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001 ጥብቅ ሆኖ ወጥቶ በ896/2007 የተሻሻለው በዚሁ ክርክር መሀል ነው። እንግዲህ ጤፍ የሚያመርት አካባቢ ልጅ ዘረመል እንዴት እንደሚነበብና እንደሚጻፍ ሳያውቅ በምን ይከራከራል? ከማንም በፊት ሊማረው የሚገባው እሱ ነው፤ ሳይንሱን ቢደግፍም ቢቃወምም።

ቤተ ሙከራ የለም የሚለው ደግሞ ግማሽ እውነት አለው። ዛሬ አይጄም የሚባለው የተማሪዎች የሲንቴቲክ ባዮሎጂ ውድድር በአሜሪካው ኤም አይ ቲ ዩኒቨርሲቲ ከተሰጠ ኮርስ ወጥቶ እ.ኤ.አ. በ2004 ሲጀምር የተሳተፉት አምስት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ ነበሩ፤ የእነሱን ዕቃ ለማሟላት ከተጠበቀ ትውልድ ያልፋል። መጀመሪያው ግን አንድ ዓይነት የጤፍ ሊጥ የያዙ ሦስት ጠርሙሶች ናቸው፤ በአንዱ እርሾ፣ በሌላው አፍልተው ያቀዘቀዙት እርሾ፣ በሦስተኛው ምንም። በመስመሪያ እየለኩ በየሰዓቱ ቢጽፉ እርሾ ያለበት ቀድሞ ሲነሣ ሁለቱ ይዘገያሉ፤ ዱቄቱም የራሱ ተህዋስያን ስላሉት ቆይተው እነሱም ይቦካሉ። ይህን «ለምን?» መመለስ ተህዋስን ማወቅ ነው፤ ቀጥሎ ዘረመሉን በወረቀት ላይ እንደ ትእዛዝ ሰንሰለት መንደፍ ይቻላል። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በመካነ ሰላም ካምፓስ አለው፤ መምህራኑ ወደ ደጎሎ ትምህርት ቤቶች ሲሄዱ ከጠርሙሶቹ አጠገብ አንዲት ጠላ ጠማቂ እናት ቆማ ጋኑን ለምን እንደምታጥን ብታስረዳ፣ የክፍለ ጊዜው የመጀመሪያ ግማሽ የእርሷ መሆን ይገባዋል።