አርማታ ሰባሪው መምህር፦ ሜቴ ሶዜን

የዛሬው የታሪክ ማስታወሻችን ሕንፃ እንዴት እንደሚፈርስ ሲያጠኑ ዕድሜያቸውን የፈጁ አንድ መምህርን ያስታውሳል።

ፕሮፌሰር ሜቴ ሶዜን በ1930 ቱርክ ውስጥ ተወለዱ፤ ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ኢስታንቡል ከሚገኘው ሮበርት ኮሌጅ በ1951 ተመርቀው አሜሪካ ተሻገሩ። በ1957 ከኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን ካገኙ በኋላ እዚያው ለአሥርት ዓመታት አስተማሩ።

አርማታ ለሚያጠና ሰው ኢሊኖይ ሁነኛ ቦታ ነበር። በ1920ዎቹ መጨረሻ ሪቻርት የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ዙሪያውን የታቀፈ ኮንክሪት ምን ያህል እንደሚችል የፈተኑት በዚሁ ዩኒቨርሲቲ ነው። ኮንክሪት ከላይ ሲጫኑት ወደ ጎን ያብጣል፤ የቆመው ፌሮ ብቻውን አያግደውም። ኮለኑን ዙሪያውን በሚያቅፍ የተቀራረበ ስታፋ፣ ወይም እየተጠመዘዘ በሚወጣ ብረት ጠፍረው ካሰሩት ግን የውጭ ቅርፊቱ ቢረግፍ እንኳ ውስጡ ሸክሙን ይዞ ይቆያል። ‘ስታፋውን ራቅ ራቅ አድርገው፣ ብረት አትጨርስ’ የተባለ ፌራዮ ካለ ይህችን ልብ ይበል።

ሶዜን የያዙት ጥያቄ የመሬት መንቀጥቀጥ ነበር። መንቀጥቀጡ ሕንፃውን ወዲህ ወዲያ ሲያናውጠው አርማታው በየምልልሱ ይሰነጠቃል፣ ይላላል። እሳቸውና ተማሪዎቻቸው ትንንሽ የሕንፃ አምሳያዎችን በሚንቀጠቀጥ መድረክ ላይ እያቆሙ እስኪጎዱ ድረስ አናወጧቸው። በ1970 ከታኬዳና ከኒልሰን ጋር ያሳተሙት ጥናት አርማታ በየምልልሱ ግትርነቱን እንዴት እንደሚያጣ የሚገልጽ ስሌት አወጣ። መሐንዲሶች ዛሬም በኮምፒውተር ፕሮግራሞቻቸው ይጠቀሙበታል፤ ስሙ ግን ‘የታኬዳ ሞዴል’ ሆኖ ቀርቷል።

በ1995 ኦክላሆማ ሲቲ ውስጥ የመራህ የመንግሥት ሕንፃ በቦምብ ሲመታ 168 ሰው አለቀ። ሶዜን ሕንፃውን ከመረመሩት ባለሙያዎች አንዱ ነበሩ። ፍንዳታው በቀጥታ የሰበራቸው ኮለኖች ጥቂት ናቸው፤ የላይኞቹን ኮለኖች የተሸከመው ትልቅ ቢም ከሥሩ ድጋፍ ሲያጣ ነው ፎቆቹ ተከታትለው የወረዱት። ሕንፃው የመሬት መንቀጥቀጥ በሚያሰጋው አገር ደንብ ተሠርቶ ቢሆን ኖሮ ከፈረሰው ክፍል ከ50 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው ሊተርፍ ይችል እንደነበር መርማሪዎቹ ገምተዋል። ይህን ቁጥር ያለ ቁጭት ማንበብ ያስቸግራል።

ከ6 ዓመት በኋላ ፔንታጎን በአውሮፕላን ሲመታ ሶዜን ከመርማሪዎቹ ጋር እንደገና ተጠሩ። እዚያ የታየው ሌላ ነው። በ1940ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩት ኮለኖች ብዙዎቹ ጥምዝ ብረት ነበራቸው። ቅርፊታቸው ተልጦ፣ ወገባቸው ጎብጦ፣ ሸክማቸውን ግን ሳይጥሉ የቆሙ ተገኙ። የዚያ ዘመን ግንበኞች አውሮፕላን ይመጣብናል ብለው እንዳልሠሩት ግልጽ ነው።

ሶዜን በ1990ዎቹ ወደ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተዛውረው እዚያም ሲያስተምሩና ሲመራመሩ ቆይተው በ2018 ዐረፉ። ከሥራዎቻቸው እኔ የማስበልጠው ግን በጣም ቀላሏን ነው። በ1992 የቱርኳ ኤርዚንጃን ከተማ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታ የተጎዱ ሕንፃዎችን መረጃ ይዘው፣ ሐሰን ከተባሉ ባልደረባቸው ጋር በ1997 አንድ ዘዴ አሳተሙ። ዘዴው ፎቃቸው ዝቅ ላለ የአርማታ ሕንፃዎች ነው። ኮለኖቹ ወለሉ ላይ የሚይዙትን ስፋት ደምረህ ግማሹን ትወስዳለህ፤ የኮንክሪቱን ግድግዳ ሙሉውን፣ የጡቡን ወይም የብሎኬቱን ደግሞ አንድ አሥረኛውን ትቆጥራለህ። ከዚያ ኮለኑንም ግድግዳውንም ለየብቻ ለሕንፃው ጠቅላላ የወለል ስፋት ታካፍላለህ። ሁለቱም ቁጥሮች ትንሽ ከሆኑ ያ ሕንፃ ያሰጋል። ሜትርና እርሳስ ይበቃል።

የሕይወት ዘመን ምርምር እዚህ ላይ መድረሱ የሚያስቅ ሊመስል ይችላል፤ የኮንክሪቱን ጥራትም ሆነ የስታፋውን ርቀት አይጠይቅምና። ሶዜን ግን ዘዴውን ለፍርድ መስጫ አላቀረቡትም። የትኛው ሕንፃ እንደሚወድቅ አይናገርም፤ ሕንፃው ብዙ፣ መሐንዲሱ ጥቂት በሆነበት ከተማ የትኛው ቀድሞ ይፈተሽ የሚለውን ይመልሳል። ተመራማሪዎች ከ2010ሩ የሄይቲ፣ ከ2015ቱ የኔፓል መንቀጥቀጥ በኋላ ሜትራቸውን ይዘው ኮለን ሲለኩ የሠሩት በዚሁ ስሌት ነው።