የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ፦ የተፈጥሮና የሰው ቅርስ

በሰሜን ጎንደር ዞን የሚገኘው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በዓለም ላይ በዚህ ሥፍራ ብቻ የሚኖረው የዋልያ መጠጊያ ነው። ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮም ይገኙበታል። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

የአካባቢው ሕዝብ በደጋው ገብስ እያመረተና ከብት እያረባ ለዘመናት ኖሯል። ይሁን እንጂ እርሻውና ግጦሹ በመስፋፋቱና ዋልያው በመመናመኑ፣ ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገባ። ከዚህ መዝገብ የወጣው የግጭ መንደር ነዋሪዎች ቀያቸውን ለቀው ወደ ደባርቅ ከተማ ከተዛወሩና የግጦሽ ጫናው ከቀነሰ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። በመሆኑም የቅርሱ ደኅንነት ከነዋሪው ኑሮ ተነጥሎ አይታይም።

ጎብኚዎች የመግቢያ ፈቃድና የስካውት አገልግሎት በደባርቅ ከሚገኘው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ያገኛሉ።