ፀረ-ኦክሳይድ፦ ከቅቤ ቅመም እስከ ወንድ ዘር

በሆሳዕናም በዱራሜም ቅቤ የሚያነጥሩ እናቶች ኮሰረትና እርድ የሚጨምሩት ለመዓዛው ብቻ ብለው አይደለም፤ ቅቤው ሳይበላሽ እንዲሰነብትላቸውም ነው። ቅባት ከኦክስጅን ጋር ሲቆይ ይለወጣል፤ ሽታውም ጣዕሙም ይከፋል። ኬሚስቶች ይህን ለውጥ «ኦክሲዴሽን»፣ የሚያዘገየውን ንጥረ ነገር ደግሞ «አንቲኦክሲዳንት» ይሉታል። በአማርኛ ፀረ-ኦክሳይድ ልንለው እንችላለን። ቪታሚን ሲ እና ቪታሚን ኢ ከዚሁ ወገን ናቸው። ዚንክና ሴሌኒየምም የሰውነትን የመከላከያ ኢንዛይሞች ያግዛሉ።

ቃሉ ዛሬ ልጅ ለዘገየባቸው ወንዶች «ዘር ያጠነክራል» ተብለው በሚሸጡ እንክብሎች ላይ ይገኛል። መነሻው እውነት ነው። የወንዱ ዘር ሕዋስ ሽፋን በቀላሉ ኦክሳይድ በሚሆን ቅባት የተሞላ ነው። ሕዋሱ ለመዋኘት እንዲቀለው ሲያድግ አብዛኛውን የውስጥ ፈሳሹን ስላራገፈ ራሱን የሚከላከልበት ኢንዛይም እምብዛም የለውም፤ የሚጠብቀው አብሮት የሚወጣው የዘር ፈሳሽ ነው። ሲጋራ፣ ኢንፌክሽን፣ ከልክ ያለፈ ውፍረት ወይም ቫሪኮሴል የሚባለው የቆለጥ ደም ሥር እብጠት ጎጂዎቹን የኦክስጅን ውላጆች ሲያበዛቸው ሽፋኑ ይጎዳል፣ ሕዋሱ መዋኘት ያቅተዋል፣ የያዘው ዲኤንኤም ይሰባበራል። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚዘነጉት ነገር አለ፦ ዘሩ ወደ እንቁላሉ ለመግባት ሲዘጋጅ ከእነዚሁ ውላጆች ጥቂት ያስፈልጉታል። ስለዚህ «ቪታሚን ቢበዛ አይጎዳም» የሚለው አባባል አያስኬድም።

እንክብሉ ልጅ ያስገኛል ወይ? እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ የአሜሪካ ጥናት የመውለድ ሕክምና የሚከታተሉ 2,370 ወንዶችን ለሁለት ከፍሎ፣ ለግማሾቹ ለ6 ወር ዚንክና ፎሊክ አሲድ፣ ለቀሩት ደግሞ መድኃኒት የሌለበት እንክብል ሰጠ። ልጅ የወለዱት በአንዱ ወገን 34 በመቶ፣ በሌላው 35 በመቶ ነበሩ። እንዲያውም የተሰበረ ዲኤንኤ ከፍ ብሎ የታየው ዚንክና ፎሊክ አሲዱን በወሰዱት ላይ ነው። ሌሎች ትንንሽ ጥናቶች ጥቅም አይተናል ቢሉም ማስረጃቸው ደካማ ነው። እኔ በዚህ ማስረጃ ብቻ ማንም ወንድ የወር ደመወዙን ለእንክብል እንዲያወጣ አልመክርም።

ገንዘቡ ካለ ቀድሞ ለዘር ፈሳሽ ምርመራ ይዋል። ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት ተቆጥቦ ናሙና መስጠት ነው፤ አያምም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ ዝቅተኛው ልክ በአንድ ሚሊ ሊትር 16 ሚሊዮን ዘር ነው፤ ከዚያም ቢያንስ 42 በመቶው መንቀሳቀስ አለበት። ከዚህ ያነሰ ሁሉ መካን ነው ማለት ግን አይደለም። አዲስ ዘር ለመሠራት ሁለት ወር ተኩል ገደማ ስለሚፈጅ፣ ሲጋራ ያቆመ ሰው ለውጡን ለማየት ሦስት ወር ያህል መታገሥ ይኖርበታል።

በሐዲያና በከምባታ ከተሞች አንድ የተለየ ጉዳይ አለ። ባል ለሥራ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ሚስት እዚህ የምትቆይበት ትዳር ብዙ ነው። ሐኪም «ልጅ ዘገየ» የሚለው ባልና ሚስት አብረው እየኖሩ፣ መከላከያ ሳይጠቀሙ 12 ወር ሲሞላቸው ነው፤ የተለያዩበት ዓመት አይቆጠርም። ለእረፍት ለአንድ ወር መጥቶ በተመለሰ ባል የተነሳ ሚስትን «መካን» ማለት ግፍ ነው።

አለመውለድ የሴትን ክብር አይቀንስም። የሆሳዕናው የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የተሰየመው በንግሥት እሌኒ ነው፤ ከሐዲያ ተገኝታ፣ ራሷ ሳትወልድ፣ ገና በልጅነቱ ለነገሠው ለልብነ ድንግል ሞግዚት ሆና አገር ያስተዳደረች ሴት። ከአካባቢው ሐኪም አቅም ያለፈው ጉዳይ አዲስ አበባ፣ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ወደሚገኘው የመንግሥት የመካንነት ሕክምና ማዕከል ሊላክ ይችላል። ወንድሞቼ፣ ሚስታችሁን ብቻዋን ወደ ሐኪም አትላኩ፤ አብራችሁ ሂዱ፣ እናንተም ተመርመሩ።