በማን ክንድ? የፕሮሰሰሮች ፍጥነት ንጽጽር ታሪክ



የዛሬው ርእሴ የፕሮሰሰሮች ታሪክ ሳይሆን ፕሮሰሰሮች የተለኩበት መለኪያ ታሪክ ነው። ጨርቅ በክንድ በሚለካበት ገበያ ሻጭና ገዥ የሚከራከሩት በጨርቁ ጥራት ብቻ አይደለም፤ «በማን ክንድ ይለካ?» የሚለውም ያከራክራቸዋል። ተፎካካሪ ፋብሪካዎች «የእኔ ይፈጥናል» ሲባባሉም ጥያቄው ያው ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልግለጽ።

በ1977 ለገበያ የቀረበው ቫክስ 11/780 በሰከንድ አንድ ሚሊዮን ትእዛዝ የሚፈጽም ማሽን ተብሎ ተወሰደና ሌሎች ማሽኖች በእርሱ ይለኩ ጀመር። ቆይቶ በጥንቃቄ ሲቆጠር ግን በእውነተኛ ሥራ ላይ የሚፈጽመው ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ሆኖ ተገኘ። ይህ በራሱ ብዙ ጉዳት አልነበረውም፤ ክንዱ አንድ እስከ ሆነ ድረስ አጭርም ቢሆን ያወዳድራል። ጉዳቱ ትእዛዝን በመቁጠሩ ላይ ነበር፤ አንዱ ማሽን በአንድ ትእዛዝ የሚጨርሰውን ሌላው በሦስት ይጨርሰዋልና።

በ1988 የተመሠረተው ስፔክ የተባለው ማኅበር መፍትሔ ያለውን አቀረበ፤ እውነተኛ ፕሮግራሞችን ማስኬድና የወሰዱትን ጊዜ ከቫክስ ጊዜ ጋር ማነጻጸር። መልካም ሐሳብ ነበር፤ ነገር ግን ከፕሮግራሞቹ አንዱ፣ ማትሪክስ 300 የተባለው፣ ብዙም ሳይቆይ ተሸነፈ። ኩባንያዎች ኮምፓይለራቸውን ለእርሱ እንዲስማማ አድርገው ሲያሻሽሉት፣ ቺፑ ሳይለወጥ ውጤቱ በብዙ እጥፍ አደገ። በ1992 እትም ፕሮግራሙ ከመመዘኛው ወጣ።

ወደ ሕዝብ ገበያ የወረደው ግን ይህ ሁሉ አልነበረም። ገዥው ያወቀው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ ሜጋኸርዝ። አንድ ፕሮግራም የሚወስደው ጊዜ የሚወሰነው በሦስት ነገሮች ነው፤ በትእዛዞቹ ብዛት፣ እያንዳንዱ ትእዛዝ በአማካይ በሚፈጀው የሰዓት ምት፣ በምቱም ፍጥነት። ማስታወቂያው የሚነግረን ሦስተኛውን ብቻ ነው፤ የመንገደኛን እርምጃ ብዛት ቆጥሮ የእርምጃውን ርዝመት እንደ መተው ያለ ስሌት ማለት ነው።

ሳይሪክስ በ1996 ይህን ለማረም ሞከረ። በ133 ሜጋኸርዝ የሚሠራውን ፕሮሰሰሩን 166+ ብሎ ሰየመው፤ በቢሮ ፕሮግራሞች ከ166 ሜጋኸርዝ ፔንቲየም አያንስም ለማለት ነው። በቢሮ ሥራ እውነቱን ነበር። በዚያው ዓመት ኩዌክ የተባለው ጨዋታ ወጣ፤ ጨዋታው በነጥብ ቁጥሮች ስሌት ላይ እጅግ የተመካ ሲሆን የሳይሪክስ ድክመት ደግሞ በትክክል እዚያ ላይ ነበር። አንድ ቁጥር ሁለት ዓይነት ሥራን ሊወክል እንደማይችል ወጣቶች ከመምህራን ቀድመው ተረዱ።

በማርች 6 ቀን 2000 ኤኤምዲ የ1 ጊጋኸርዝ አትሎንን አወጀ፤ ኢንቴል በሁለት ቀን ልዩነት ተከተለ። ከዚያም ኢንቴል ለመቅደም ሲጣደፍ በ1.13 ጊጋኸርዝ የሚሠራ ፔንቲየም 3 አወጣ፤ ገለልተኛ ገምጋሚዎች ቺፑ እንደማይረጋጋ ስላሳዩ በኦገስት መልሶ ሰበሰበው። በኖቬምበር ፔንቲየም 4 መጣ፤ ሥራውን በ20 አጫጭር ደረጃዎች ከፋፍሎ ምቱን እንዲያፋጥን የተነደፈ ነበር። በእያንዳንዱ ምት የሚሠራው ግን ከቀዳሚው ያነሰ ነው። ኤኤምዲ በ2001 በ1,533 ሜጋኸርዝ የሚሠራውን አትሎን ኤክስፒ 1800+ ብሎ በመሰየም መለሰ። በይፋ ንጽጽሩ ከራሱ ከቀድሞው አትሎን ጋር ነው ቢባልም፣ ገዥ ሁሉ ከፔንቲየም 4 ጋር አድርጎ አነበበው። ይህን ማታለል የሚሉት አሉ፤ እኔ ግን ከሁለቱ ቁጥሮች ለእውነት የቀረበው ይህኛው ይመስለኛል።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ ማስታወቂያ ነው። ከዚህ የከፋው ሰው የማያየው ነበር። ኢንቴል ቺፕ ብቻ ሳይሆን ኮምፓይለርም ይሠራል፤ በእርሱ የተዘጋጀ ፕሮግራም ሲነሣ ፕሮሰሰሩን ስሙን ይጠይቀዋል። «ጄኒዩን ኢንቴል» የሚል መልስ ካገኘ ፈጣኑን መንገድ ይመርጣል፤ ሌላ ስም ካገኘ፣ ቺፑ ያንኑ ትእዛዝ መፈጸም ቢችል እንኳ፣ ቀርፋፋውን። ልብ በሉ፤ የተጠየቀው «ምን ትችላለህ?» ሳይሆን «የማን ልጅ ነህ?» ነው። በእንዲህ ያለ ኮምፓይለር የተሠራ መመዘኛ ምን ያህል ገለልተኛ ሊሆን ይችላል? የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በዲሴምበር 2009 ባቀረበው ክስ ይህን ጉዳይ አካተተ፤ በ2010 በተደረገው ስምምነትም ኢንቴል ኮምፓይለሩ ለሌሎች ቺፖች በእኩል ደረጃ ላያመቻች እንደሚችል ለደንበኞቹ እንዲያሳውቅ ተገደደ። ከክሱ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በኖቬምበር፣ ሁለቱ ኩባንያዎች በመካከላቸው የነበረውን ሙግት ኢንቴል ለኤኤምዲ 1.25 ቢሊዮን ዶላር በመክፈል ዘግተው ነበር። በ2011 ደግሞ ኤኤምዲ፣ ኤንቪዲያና ቪያ ሲስማርክ የተባለውን መመዘኛ ከሚያዘጋጀው ማኅበር ወጡ።

የታሪክ ተማሪዎች ዜና መዋዕልን ስታነቡ ጸሐፊው በማን ቤት እንጀራ እንደሚበላ ትጠይቃላችሁ። የመመዘኛ ሠንጠረዥም ሰነድ ነው፤ ማን እንዳዘጋጀው፣ በየትኛው ኮምፓይለር፣ በየትኛው ዓመት፣ ምን ሥራ እንደ ተመረጠና ምን እንደ ተተወ ሊጠየቅ ይገባል። የተማሪ ላፕቶፕም ሆነ የአንድ ተቋም ግዥ በእንዲህ ያለ ሠንጠረዥ ላይ ተመሥርቶ ይወሰናልና።

የጊጋኸርዝ ዘመን የተዘጋው በክርክር ሳይሆን በሙቀት ነው። በ2004 የወጣው የፔንቲየም 4 እትም ደረጃዎቹን ወደ 31 አሳድጎ እጅግ የሚግል ቺፕ ሆነ፤ ታቅዶ የነበረው የ4 ጊጋኸርዝ እትም በኦክቶበር ተሰረዘ። በዚያው ዓመት ኢንቴል ራሱ ፕሮሰሰሮቹን በጊጋኸርዝ መጥራቱን ትቶ የሞዴል ቁጥር መስጠት ጀምሮ ነበር፤ ኤኤምዲ ሦስት ዓመት የተወቀሰበትን ማለት ነው። በጁላይ 2006 የወጣው፣ በ2.4 ጊጋኸርዝ የሚሠራው ኮር 2 ዱዎ፣ ከ3 ጊጋኸርዝ በላይ የሚመቱትን የራሱን የኢንቴልን ፔንቲየም 4ዎች በአብዛኞቹ መመዘኛዎች በለጣቸው።