አኩፓንክቸር
አኩፓንክቸር ቀጫጭን መርፌዎችን በተወሰኑ የሰውነት ነጥቦች ላይ በመሰካት የሚሰጥ የቻይና ባህላዊ ሕክምና ነው። ጥንታዊው ትምህርት መርፌው «ቺ» የተባለውን የሕይወት ኃይል እንደሚያስተካክል ይናገራል፤ ቺ የሚሄድባቸው መስመሮች ግን በአካል ምርመራ አልተገኙም።

የዛሬ ተመራማሪዎች የሚያዩት ነርቭን ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ኔቸር በተባለው መጽሔት የወጣ የቺዩፉ ማ እና የባልደረቦቹ ጥናት የተሠራው በአይጦች ላይ ነበር። «ዙሳንሊ» በሚባለው፣ በኋላ እግር ከጉልበት በታች ባለው ነጥብ፣ በመርፌ ደካማ ኤሌክትሪክ ሲሰጥ መልእክቱ ወደ አንጎል ይሄዳል፤ ከዚያ በቬገስ ነርቭ በኩል ከኩላሊት በላይ ወዳለው አድሬናል ዕጢ ይደርሳል። ዕጢው የሚለቃቸው ንጥረ ነገሮች በባክቴሪያ መርዝ የተነሣውን የሰውነት መቆጣት (ኢንፍላሜሽን) ቀነሱ። ሆድ ላይ ሲሞከር ግን ይህ አልታየም፤ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልጉት የስሜት ነርቮች በእግር ጥልቅ ሽፋን በብዛት ሲገኙ በሆድ ግን አይገኙምና። ስለዚህ ምክንያቱ ቺ ባይሆንም የቦታው ምርጫ ከንቱ አይደለም።

ሰው ግን አይጥ አይደለም። ለቆየ ሕመም በተደረጉ ሙከራዎች በእውነተኛውና በማስመሰያው መርፌ መካከል የታየው ልዩነት አነስተኛ ነው። አኩፓንክቸር ኢንፌክሽንን ወይም ካንሰርን አያድንም፤ በእሱ ተማምኖ መድኃኒት ማቋረጥ አደገኛ ነው። ከጀርም ያልጸዳ መርፌም ሄፓታይተስ ሊያስተላልፍ ይችላል።