ከጉግስ ጋሻ እስከ ጥርስ መከላከያ



የፍልሚያ ልምምድ ከጦርነት የሚለይበት ዋናው ነገር ተፋላሚዎቹ ከግጥሚያው በኋላ አብረው ወደ ማዕድ የሚቀርቡ መሆናቸው ነው። ሆኖም የወዳጅ ምት ወዳጅ በመሆኑ ብቻ ለስልሶ አያርፍም። ልጅዎ ወይም እርስዎ ራስዎ ከመሥሪያ ቤት ሰዓት በኋላ ቡጢ የሚለማመዱ ከሆነ፣ ይህ ጉዳይ የጥርስዎ ጉዳይ ነውና ጥቂት ያድምጡን።

የመንዝን ደጋ የሚያውቅ ሁሉ ጉግስን ያውቃል። በማማ፣ በላሎና በጌራ፣ ወደ ሰሜንም እስከ ግሼ ድረስ አገሩ ብርዳም፣ ሰዉም ፈረስ ወዳድ ነው። በታላላቅ በዓላት ፈረሰኞች በሁለት ወገን ተሰልፈው፣ አንዱ ሲሸሽ ሌላው እያሳደደ፣ በጦር ፈንታ ዘንግ ይወረውሩ ነበር። ዘንጉ ብረት የለውም፤ ነገር ግን ከሚጋልብ ፈረስ ላይ ተወርውሮ ማጅራት ያገኘ እንደ ሆነ ጨዋታነቱ በዚያው ያበቃል። ስለዚህም ሸሺው የቆዳ ጋሻውን ወደ ኋላ አዙሮ ጀርባውንና ራሱን ይሸፍን ነበር። ጋሻው እጅግ የከበደ እንደ ሆነ ክንድን ያዝላል፤ የሳሳ እንደ ሆነ ምቱን ያሳልፋል፤ መያዣው ለክንዱ ልክ ካልሆነ ደግሞ ፈረሱ በዘለለ ቁጥር ይዋልላል።

በገና ጨዋታ ግን ጋሻ የለም። ሩሩም ዱላውም እንጨት ነው፤ ጌታው እንኳ ቢመታ እንዳይቆጣ ልማዱ ያዛል። ልማዱ ቁጣውን ከለከለ እንጂ ምቱን አልከለከለም፤ ሩሩ ቅልጥምንም ጥርስንም ለይቶ አያይም።

ቡጢም ለረጅም ዘመን እንደ ገና ጨዋታ አፍን ያለ ጋሻ ትቶት ኖሯል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1867 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር የወጣው የኩዊንስቤሪ ደንብ ጓንትን ሲያዝ ስለ ጥርስ ያነሣው ነገር አልነበረም። በ1890 ገደማ ዎልፍ ክራውስ የተባለ የሎንዶን የጥርስ ሐኪም፣ ጉታ ፐርቻ ከሚባል የዛፍ ሙጫ የተበጀ ቁራጭ በቡጢኞች የላይ ጥርስ ላይ ማኖር ጀመረ። ልጁ ፊሊፕም የአባቱን ሙያ ይዞ፣ ደጋግሞ የሚያገለግል የጎማ መከላከያ ሠራ። ቴድ ኪድ ሉዊስ የተባለው የዓለም ሻምፒዮን በዚህ ሲጠቀም የተጋጣሚው ወገን መቃወሙ ይነገራል። ተቃውሞው ግን ብዙ አልዘለቀም። በ1927 ማይክ ማክቲግ ከጃክ ሻርኪ ጋር ሲገጥም፣ የተሸረፈው የገዛ ጥርሱ ከንፈሩን ክፉኛ ስለ ቀደደው፣ በአብዛኛው ሲመራው የነበረውን ግጥሚያ አጣ። ከዚያ ወዲህ መከላከያውን የሚንቅ ቡጢኛ እያነሰ ሄደ።

እንግዲህ ምርጫው ከሦስት ነው። አንደኛው ተሠርቶ የሚሸጠው ነው፤ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ጥርስን ነክሶ ካልያዙት ይወድቃል፤ ትንፋሽም ያውካል። ከዚህ ይራቁ። ሁለተኛው በሙቅ ውሃ ለስልሶ በአፍ ውስጥ እየተነከሰ መልክ የሚይዘው ነው፤ በጥንቃቄ ከተበጀ ለብዙ ሰው ይበቃል። ሦስተኛው የጥርስ ሐኪም የአፍን ልክ ወስዶ የሚሠራው ነው። ዋጋው ከፍ ይላል፤ ዘወትር ፊት ለፊት ለሚጋጠም ሰው ግን እኔ የምመርጠው ይኸንኑ ነው። ለመሥሪያ ቤት የሚያደርገውን ጫማ በሦስት ሱቅ ለክቶ የሚገዛ ሰው፣ ለአፉ ሲሆን የቀለሙን ማማር ብቻ አይቶ ማንሣቱ ይገርመኛል። ስለ ቀለም ከተነሣ፣ በአማተር ቡጢ ቀይ መከላከያ አይፈቀድም፤ ደም ቢፈስ አይለይምና።

ሲሞክሩት አፍዎን ከፍተው ይተንፍሱ፤ ስምዎንም ይጥሩ። መከላከያው ካልወደቀ፣ ቃልዎም ከተሰማ፣ የመንጋጋ ጥርሶችንም ከሸፈነ ልክዎ ነው። ጥርስንና ከንፈርን ይጠብቃል፤ አንጎልን ከመናወጥ ያድናል ብሎ መተማመን ግን አይገባም። የልጅ መንጋጋ ያድጋልና አምና የተገዛው ዘንድሮ ላይሆነው ይችላል፤ የተነከሰና የተሰነጠቀም ይለወጣል። ከልምምድ በኋላ በቀዝቃዛ ውሃ አጥበው፣ አየር በሚያስገባ ሣጥን ያኑሩት፤ ፀሐይ ላይ ከተረሳ ቅርጹ ይጠፋል።