እርስ በርስ ስለ መጠባበቅ፤ የቅዱስ ቍርባንና የዓመቱ በዓላት ታሪክ

በኦሪት ዘጸአት በ12ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈው፥ እግዚአብሔር እስራኤልን ከግብጽ ሊያወጣ በወደደ ጊዜ ለሙሴና ለአሮን አስቀድሞ የነገራቸው የበጉን ነገር አይደለም፤ የወሩን ነገር ነው። ያ ወር የወሮች ሁሉ መጀመሪያ እንዲሆንላቸው ካዘዘ በኋላ፥ በጉ በስንተኛው ቀን እንዲለይ፥ በስንተኛውም ቀን ማታ እንዲታረድ ነገራቸው። በዓልና መሥዋዕት ምን ያህል የተያያዙ እንደ ሆኑ ከዚህ ይታወቃል። ባሪያ የራሱ የሆነ ቀን የለውም፤ ጌታው ባዘዘው ቀን ይሠራል፥ በፈቀደለትም ቀን ያርፋል። ነጻ የወጣ ሕዝብ ግን አንድ የዘመን ቍጥርና አንድ ማዕድ አለው።

ጌታችንም ቅዱስ ሥጋውንና ክቡር ደሙን ለደቀ መዛሙርቱ የሰጠው በዚያው በፋሲካ ሰሞን ነው። ቅዱስ ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በ1ኛው መልእክት በ11ኛው ምዕራፍ፥ ባለጠጋው አስቀድሞ በልቶ ሲጠግብ ድኻው በረኃብ ስለሚቀመጥ የጌታን ማዕድ እንዳዋረዱ ከገለጸላቸው በኋላ፥ ለመብላት በተሰበሰቡ ጊዜ አንዱ ሌላውን እንዲጠብቅ አዘዛቸው። በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የወደድነው ይህንኑ ነው። ቍርባን የመጠባበቅ ማዕድ ነው፤ የዓመቱም ጾምና በዓል የመጠባበቁ ሥርዓት ነው። ይህን የጠበቁና ያልጠበቁ ሰዎች ፍጻሜያቸው ምን እንደ ሆነ፥ ካቶሊካውያን በአገራችን ከሠሩት ሥራ እንመለከታለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በአዲስ አበባ በመርካቶ ገበያ ወገን አብነት የሚባል ሠፈር አለ። አብነት ማለት ምሳሌ፥ ሌላው አይቶ የሚከተለው ማለት ነው። በመስከረም ወር በዓለ መስቀል ሲቃረብ በዚያ አካባቢ የቆመ ሰው፥ የጉራጌ ተወላጅ የሆኑ ነጋዴዎች ሱቃቸውን እየዘጉ፥ ለእናት ለአባታቸው ስጦታ እየያዙ ወደ ትውልድ አገራቸው ሲሄዱ ያያል። ገበያው ትርፍ ሳያጣ እነርሱ ትተውት የሚሄዱት አዋጅ ተነግሮባቸው አይደለም፤ እናት ልጇን፥ ወንድምም ወንድሙን የሚጠብቅበት ቀን ስለ ሆነ ነው። በጉራጌ አገር ኦርቶዶክሳዊውም ካቶሊካዊውም መስቀልን የሚያከብረው በአንድ ሰሞን ነው። በ2003 በእምድብር የተቋቋመችው የካቶሊክ ሀገረ ስብከት የግዕዝን ሥርዓት የምትከተል ናትና። አንባቢ ሆይ፥ ይህ የቀን አንድነት እንዲያው የተገኘ አይምሰልህ፤ ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ የተገኘ ነው።

ነገሩን ከጥንት እንጀምር። በሁለተኛው መቶ ዓመት እኩሌታ ገደማ የሰምርኔስ ጳጳስ ቅዱስ ፖሊካርጶስ ወደ ሮም በሄደ ጊዜ፥ ከሮሙ ጳጳስ ከአኒቄጦስ ጋራ ስለ ፋሲካ ቀን ተነጋገሩ። የእስያ ክርስቲያኖች ፋሲካን እንደ አይሁድ በጨረቃዋ 14ኛ ቀን፥ ሮማውያን ግን በእሑድ ያከብሩ ነበርና አንዱ ሌላውን ሊያሳምን አልቻለም። ነገር ግን አኒቄጦስ ለእንግዳው ክብር ሰጥቶ በራሱ ቤተ ክርስቲያን ቍርባኑን እንዲቀድስ ፈቀደለት፤ በሰላምም ተለያዩ። ቀናቸው ሁለት ሳለ ማዕዳቸው አንድ ሆነ። በኋላ ግን ጳጳሱ ቪክቶር በዚሁ ምክንያት እስያውያንን ከአንድነት ሊለይ በተነሣ ጊዜ፥ የልዮኑ ጳጳስ ቅዱስ ኢሬኔዎስ ያለፉትን አባቶች ትዕግሥት ጠቅሶ ገሠጸው።

የኢትዮጵያና የሮም ግንኙነትም በመልካም ጀምሮ ነበር። በ15ኛው መቶ ዓመት ፍጻሜ ገደማ በቫቲካን በቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ለኢትዮጵያውያን መነኮሳት ማደሪያ ተሰጣቸው። ከደብረ ሊባኖስ የሄዱት አባ ተስፋ ጽዮንም በ1548 እና በ1549 ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ ሲያሳትሙ የቅዳሴውን ሥርዓት ጨምረው አሳተሙ። እንግዲህ የግዕዝ ቅዳሴ በማተሚያ የታተመው በሮም ከተማ ነው፤ በዚያን ጊዜ ግዕዙን ወደ ላቲን ለውጡ ያላቸው አልነበረም።

መጠባበቅ የጠፋው ከዚህ በኋላ ነው። በ1603 የመጡት ኢየሱሳዊው አባ ጴጥሮስ ፓኤዝ ግዕዝንና አማርኛን ተምረው በዝግታ የሚሠሩ ሰው ነበሩ። ዐፄ ሱስንዮስ የሮምን እምነት በግልጥ ተቀበሉ፤ አባ ጴጥሮስም በዚያው በ1622 ዐረፉ። በ1625 ግን ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ መጡ፤ በየካቲት 1626 በደንቀዝ ንጉሡና መኳንንቱ ለሮም ሊቀ ጳጳሳት ማሉ። ፓትርያርኩም ካህናቱ እንደ ገና እንዲካኑ፥ ሕዝቡም እንደ ገና እንዲጠመቅ፥ ጾሙና በዓሉም በሮም አቈጣጠር እንዲሆን አዘዙ።

ይህ የመጨረሻው ትእዛዝ ለሩቅ ሰው ቀላል ይመስላል። ባሕረ ሐሳብን የሚያውቅ ካህን ግን ክብደቱን ያስተውላል። ሮም በ1582 የዘመን አቈጣጠሯን አርማ 10 ቀን ከወሩ አውጥታ ነበርና ፋሲካዋ ከእኛ ፋሲካ ተለየ። ፋሲካ ከቦታው ሲነሣ ብቻውን አይነሣም። ሦስቱ ቀን የነነዌ ጾም፥ 55 ቀን የሆነው ዐቢይ ጾም ከነሳምንታቱ፥ ከዘወረደ እስከ ሆሣዕና ድረስ፥ ከትንሣኤም በኋላ ዕርገትና ጰራቅሊጦስ፥ ጾመ ሐዋርያትም ሁሉ አብረውት ይነሣሉ። ደብተራው በእያንዳንዱ ሳምንት የሚያዜመው የቅዱስ ያሬድ ዜማ፥ ገበሬው የሚቈጥረው የእርሻ ወራት፥ ሴቲቱ የምታስበው የሙታኗ ተዝካር ሁሉ በዚህ ላይ የታሰረ ነው። በዚያን ዘመን የላቲን ሥርዓት ዓርብንና ቅዳሜን ያስጾም ነበር፤ በእኛ ሥርዓት ግን የሚጾመው ረቡዕና ዓርብ ነው፤ ቅዳሜ ከቀዳም ሥዑር በቀር አይጾምም። ስለዚህ ባላገሩ ስለ ባሕርይ የሚደረገውን የሊቃውንት ክርክር ባያውቅም፥ አባቱ የጾመውን ቀን ብላ፥ አባቱ የበላበትን ቀን ጹም በተባለ ጊዜ ነገሩን ዐወቀ። የሞቱ ወላጆቹን ትተህ ብቻህን ወደ ማዕድ ቅረብ የተባለ መሰለው።

ለዓመፁ የግዛትና የሹመት ምክንያትም እንደ ነበረበት አንክድም። ቢሆንም ሕዝቡን ያስተባበረው ይህ የሥርዓት ነገር ነው። ጥቂት ቈይቶ የቀድሞው ቅዳሴ ታርሞ እንዲቀደስ፥ በቅዳሜም ፈንታ ረቡዕ እንዲጾም ቢፈቀድ ጊዜው ዐልፎ ነበር። በ1632 በወይና ደጋ ዐፄ ሱስንዮስ በመልክአ ክርስቶስ የሚመሩትን የላስታ ሰዎች ድል አደረጉ፤ የሞተውም ሰው 8000 ያህል እንደ ሆነ ተጽፏል። ሬሳውንም ባዩ ጊዜ መኳንንቱ፥ የወደቁት አረመኔ ያይደሉ የራሳቸው የንጉሡ ሕዝብና ክርስቲያኖች መሆናቸውን እንደ ነገሯቸው ይተረካል። ንጉሡም በዚያው ዓመት የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ ዐወጁ፤ መንግሥቱንም ለልጃቸው ለፋሲለደስ ትተው ዐረፉ። ሜንዴዝና ባልንጀሮቻቸውም ከአገር ተባረሩ። ስለ አንድነት ማዕድ ተብሎ የተጀመረው ነገር ከ200 ዓመት የሚበልጥ መለያየትን አመጣ።

በ1839 ሌላ ሰው መጣ። የላዛሪስት ማኅበር ካህን የሆኑት ዩስቲኖ ደ ያቆቢስ፥ በአገራችን አቡነ ያዕቆብ የተባሉት፥ ዓድዋ ገብተው የባላገሩን ልብስ ለበሱ፥ ቋንቋውን ተማሩ፥ የግዕዙንም ሥርዓት አከበሩ። ላቲን አንብቡ ብለው ሰውን አላስጨነቁም፤ ያገሩን ልጆች አስተምረው በግዕዝ የሚቀድሱ ካህናት አደረጓቸው። በ1849 በምጽዋ በአባ ማስያስ እጅ ጵጵስና ተቀበሉ። የጎጃሙን ሊቅ አባ ገብረ ሚካኤልንም በ1851 ቅስና ሾሟቸው። አባ ገብረ ሚካኤል ከእምነታቸው ባለመመለሳቸው ታስረው በ1855 በእስራት ሳሉ ዐረፉ፤ በዚህ ጊዜ ወንድሙን ያልጠበቀው ሌላው ወገን እንደ ነበረ መሰወር አይገባም። አቡነ ያዕቆብ በ1860 በመንገድ ላይ ዐርፈው በሄቦ ተቀበሩ። ንጉሥ ያስገደደበት ሥራ ከነፓትርያርኩ በጥቂት ዓመት ሲጠፋ፥ ደሃው መነኩሴ የተከሉት እስከ ዛሬ አለ። በ1919 በቫቲካን ለኢትዮጵያውያን ኮሌጅ ተቋቋመ፤ በ1961ም አዲስ አበባ የግዕዝ ሥርዓት ካቶሊካውያን ሊቀ ጳጳስ የሚቀመጥባት መንበር ሆነች። ገናንም በታኅሣሥ 29 ያከብራሉ እንጂ ሌላውን ትተው አይቀድሙም።

እዚህ ላይ የሚጠይቅ ይኖራል። ካቶሊካውያን ቅዱስ ቍርባኑን በመንበር ያኖራሉ፥ በፊቱም ይሰግዳሉ፤ በእኛ ሥርዓት ግን ለነገ አይተርፍም፤ ይህ ልዩነት እንዴት ይስማማል? መልሱ ከጥንቱ ልማድ ይገኛል። በሁለተኛው መቶ ዓመት የነበረው ሰማዕቱ ዮስጢኖስ፥ ከማኅበሩ ላልደረሱት ዲያቆናት ቍርባኑን ይወስዱላቸው እንደ ነበረ ጽፏል። ማኖር የተጀመረው ለታመመውና ለሚሞተው ወንድም ነው፤ እርሱም መጠበቅ ነው። ከዚያ ስግደቱ በዛ፤ በ1246 በልዬዥ የተጀመረውን የቅዱስ ሥጋ በዓል ጳጳሱ ኡርባኖስ 4ኛ በ1264 ለላቲን ቤተ ክርስቲያን ሁሉ አዘዙት። አለማስተረፍም የኦሪቱን በግ ይመስላል፤ እስከ ነገ እንዳይተርፍ ታዝዞ ነበርና። በቤተ ልሔም የተጋገረው ኅብስት ሁሉ በዚያው ዕለት ለተሰበሰቡት ይከፈላል። ያኛው ላልመጣው ይጠብቃል፤ ይህኛው የመጣውን አይነሣውም።

ነገር ግን በሁለቱም ወገን የሚያሳፍር ነገር አለ። በላቲን አገር ብዙ ሰው በቍርባኑ ፊት እየሰገደ ሳይቀበለው ስለ ኖረ፥ ጳጳሱ ፒዮስ 10ኛ በ1905 ምእመናን አዘውትረው እንዲቈርቡ መከሩ። በእኛም አገር 55ቱን ቀን በጽኑዕ ጾሞ፥ ሌሊቱን ቆሞ አስቀድሶ፥ ሕፃናትና ሽማግሎች ሲቈርቡ እያየ ወደ ቤቱ የሚመለስ እጅግ ብዙ ነው። ጾሙን ሁሉ ጠብቆ ማዕዱን የተወ ሰው፥ እንግዳ ጠርቶ ቤቱን ጠርጎ በሩን እንደ ዘጋ ሰው ነው። ሳይጾምና ከወንድሙ ሳይታረቅ የሚቀርብም፥ እንግዳው ሳይመጣ ብቻውን እንደ በላ ሰው ነው። መምህራንና የነፍስ አባቶች ይህን ሊያስቡበት ይገባል።

በ2025 የኒቅያ ጉባኤ 1700ኛ ዓመት ሲሞላ፥ የምሥራቁና የምዕራቡ ፋሲካ በአንድ ቀን፥ በሚያዝያ 12 በ2017 ዓመተ ምሕረት ዋለ። ይህን ያደረገው የጨረቃና የፀሐይ መገናኘት ነው እንጂ የሰዎች ስምምነት አይደለም። ወደ ፊት ቀኑን አንድ ለማድረግ የሚነጋገሩ አባቶች የፖሊካርጶስንና የአኒቄጦስን ማዕድ፥ የወይና ደጋንም ሜዳ አብረው ቢያስቡ ይገባቸዋል። የዘመን ቍጥር በአንድ አዋጅ ሊለወጥ ይችላል፤ ሕዝብ ግን በአዋጅ ወደ ማዕድ አይቀርብም። የአብነቱ ነጋዴ ሱቁን ዘግቶ የሚሄደው በቤቱ የሚጠብቀው ስላለ ነው። ጌታችንም በማዕዱ ይጠብቀናል፤ እኛም እርስ በርሳችን ተጠባብቀን እንድንቀርብ ቸርነቱ ይርዳን። ለእርሱ ክብርና ምስጋና ለዘለዓለም ይሁን፤ አሜን።